ኢሕራሙና ብርሌው

ፈህሚያ ጀማሉዲን ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ፎቶ አንሺ ናት። ሙሽራ ታነሳለች፣ ምርቃት ታነሳለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ብርጭቆ ግን አንስታ አታውቅም ነበር። ያስጀመራት የአባቷ ሱቅ ነው።

ጀማሉዲን ከአባቱ የወረሰው የብርጭቆ ዕቃ መደብር አለው። መንገዱ ማስተማመን ካቆመ ወዲህ የገጠር ነጋዴ ቀርቷል። ደባርቅ ላይ ሆቴል የሚከፍት አብዮት የሚባል ሰው ብቻ ብርሌና ጃግ በብዛት ፈለገ። መምጣት ስላልቻለ «ፎቶ ላኩልኝ» አለ። ይህ ሰው ካልገዛ ሱቁ እንደሚዘጋ ጀማሉዲን ለልጁ በአጭሩ ነገራት።

በፍላሽ አንስታ ላከች። አብዮት ደወለ።

«ብርሌው ሸጋ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለችው ሻርፕ ያደረገች ልጅም አብራ ትመጣለች?»

ፎቶውን መልሳ አየችው። እሷ ከነካሜራዋ፣ መደርደሪያው፣ በሩ፣ ሁሉም ብርሌው ላይ ተለጥፏል።

አልተቀየመችም። ብርጭቆ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፤ ስለዚህ ፊቱ ነጭ ብቻ መቆም አለበት። ከጎረቤታቸው ከእትዬ እቴነሽ ነጠላ ተውሳ በመስኮቱና በብርሌው መካከል ሰቀለች። ብርሃኑ ለሰለሰ። የነጠላው ጥለት ግን ብርሌው አንገት ላይ እንደ ስንጥቅ ታየ። የተሰነጠቀ ዕቃ ማን ይገዛል?

ጥለትም ስፌትም የሌለው ነጭ ጨርቅ ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ጀማሉዲን ሐጅ ያደረገበት ኢሕራም። ሁለት ቁራጭ ነው። ሲሞት እንዲከፈንበት አጥቦ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል።

«አባባ፣ ኢሕራምህን አውሰኝ።»

«ለጠጅ ብርሌ?»

«ጠጅ አልገባበትም፣ አዲስ ነው።»

«ይገባበታላ።»

«አንተ ምን ሊገባበት ብለህ ነው የምትሸጠው?»

«ብርዝ» አለ፣ ፈገግ ሳይል። ሳጥኑን ከፍቶ ጨርቁን አወጣና፣ «መቀስ አይነካውም። መሬትም አይነካም። እኔው እይዘዋለሁ» አላት።

ጨርቁ እሷንና ካሜራዋን ከብርሌው እንዲጋርድ ከፊቷ መሰቀል ስላለበት፣ ለሌንሱ ቀዳዳ ያስፈልግ ነበር። ጨርቁን ሳትቀድ መላ አገኘች። አንዱን ቁራጭ የመጋረጃው ሽቦ ላይ ሰቀለች፤ ሌላውን ጀማሉዲን ክንዱን ዘርግቶ ያዘ። ጠርዛቸውን አደራርባ ሌንሱን በመካከላቸው አሾለከች። አሁን ደግሞ ብርሌው ከነጩ ጋር ተመሳስሎ ጠርዙ ጠፋ። ሁለት ጥቁር አባያዎቿን አጥፋ በብርሌው ግራና ቀኝ ሰቀለችለት። የብርሌው ጠርዝ በብዕር እንደተሳለ ወጣ።

«ክንዴ ዛለ።»

«ትንሽ ነው፣ አባባ።»

«ሐጅ ላይ ጀመራት ጋ ሰይጣንን በጠጠር ስወግር እንኳ እንዲህ አልደከመኝም።»

በማግስቱ አብዮት ደወለ። «አሁን ብርሌውን አየሁት። ጫኑልኝ።»

ጀማሉዲን ፎቶውን አስመጥቶ መነጽሩን አደረገ።

«ጨርቁ የታለ?»

«ብርሌው ላይ የሚያበራው ሁሉ እሱ ነው።»

ረጅም ጊዜ አየው።

ሱቁ አልተዘጋም። ዛሬም አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ጀማሉዲን ሳይጠየቅ እጁን ይታጠብና የኢሕራሙን ሳጥን ይከፍታል።