አርጊሮና የትራፊክ መብራቱ

አርጊሮ ጓዳዋ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች። ጭራውን በግራ እጇ ጨብጣ በደነዘ ቢላ ወደ ጭንቅላቱ ስትገፋው፣ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ፀጉሯና ሽርጧ ላይ ይለጠፋል። ባሏ ስትራቲስ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጭኑ ላይ ቲማቲም፣ ሎሚና ቃሪያ ይዟል። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ አጥርቶ ባያያቸውም እጁ ይለያቸዋል።

ቲማቲሙን አነሣ።

«እቆማለሁ» አለች።

ሎሚውን አነሣ።

«ቀስ ብዬ እቆማለሁ። በጣም ከቀረብኩ ግን አልፋለሁ።»

«በጣም መቅረብሽን ማን ይነግርሻል?»

«ልቤ ነዋ!»

«ልብሽማ ባለፈውም ነግሮሽ ነበር» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን በመሳቁ አፍሮ ሎሚውን ያሻሽ ጀመር።

ባለፈው የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን የወደቀችው ያልተቆራረጠውን ነጭ መስመር ረግጣ ነው። የቆመ ጋሪ ለማለፍ ብላ ነበር። የተቆራረጠ መስመር ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም አይላትም። ከዚያ ወዲህ ወለሉን ስትወለውል እንኳ የንጣፉን መስመር ላለመርገጥ እግሯን ታነሣለች።

በደሴታቸው የትራፊክ መብራት የለም። ያለው ከወደቡ ተነሥቶ ገደሉን እየታከከ ወደ ላይኞቹ መንደሮች የሚወጣ አንድ መንገድ ነው። አስተማሪው ኢግናቲስ የማሠልጠኛ መኪናውን በመርከብ ጭኖ እየመጣ ነበር የሚያስተምራት፤ ቲማቲምና ሎሚውም የእሱ ዘዴ ነው።

ስትራቲስ ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪናው አትክልት ወደ ላይኞቹ መንደሮች ሲያመላልስ ኖሯል። ዓይኑ ሲደክም መንጃ ፈቃዱን አላደሱለትም። እንግዲህ ነገ አርጊሮ ፈተናውን ከወደቀች መኪናዋ ትሸጣለች፤ እነሱም ፒሬዎስ ከተማ ያለው ልጃቸው ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ይገባሉ። ስትራቲስ ስለዚያ ቤት ክፉ ተናግሮ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «በረንዳው ላይ ሆነሽ የሰው አንሶላ ሲደርቅ ታያለሽ» ብሏል።

በማግስቱ ከኢግናቲስ ጋር ፈተናው ወደሚሰጥባት ደሴት ወደ ሲሮስ ተሳፈረች። በመርከቡ በር ላይ የቆመው ጎረምሳ መርከበኛ ገና ሲያያት፣

«እትዬ አርጊሮ! ለከተማው ሰው እንንገረው እንዴ፣ ከመንገድ ዞር ይበል?» አላት።

«አንተ ብቻ ዞር በልልኝ» አለችው ቀስ ብላ።

ኢግናቲስ መንገዱን ሙሉ ሲጠይቃት ሄደ። «ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን?»

«ቅድሚያ ስጥ።»

«ሰማያዊ ክብ?»

«ግዴታ ነው። ቀስቱ ወዳሳየው።»

«ታውቂዋለሽ እኮ አርጊሮዬ! ምን ያስፈራሻል?»

«ማወቄማ ባለፈውም አውቅ ነበር።»

ፈታኙ ጉሮሮውን የሚከረክረው ቀጭን ሰው ነው። ከኋላ ተቀመጠ፤ ኢግናቲስ ከጎኗ ሆኖ እንዳይናገር ተነገረው። አርጊሮ ስፖኪዮውን አየች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ ወጣች። ዜብራው ላይ ዘንቢል የያዘች ሴት ስታይ ቆመችላት። የልጆች ሥዕል ያለበት ባለቀይ ጠርዝ ሦስት ማዕዘን ሲመጣ ፍጥነቷን ቀነሰች። መሪው በላብ አዳለጣት።

ከዚያ መብራቱ መጣ። ቀይ ነው። ከነጩ መስመር ኋላ ልክ አድርጋ ቆመች። ኢግናቲስ በረጅሙ ተነፈሰ።

አረንጓዴ በራ። አርጊሮ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

በደሴታቸው፣ በድንጋይ አጥር መካከል ባለው ጠባብ መንገድ ሁለት መኪና ሲገናኝ ሁለቱም ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ይተያያሉ፤ አንደኛው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እለፍ» ይላል። ሳይፈቀድልህ ብታልፍ ነውር ነው፤ እናትህ ድረስ ይወራል። አሁንም ከመብራቱ ማዶ ዳቦ የጫነ መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ግን አቀርቅሮ የሆነ ነገር ያኝካል። አርጊሮ ዓይን ዓይኑን አየችው። ቀና በል እንጂ፣ አንተ ሰው!

ከኋላ ክላክስ ጮኸ። ሌላም ተከተለ። ቢጫ ሆነ፤ ተመልሶ ቀይ ሆነ።

«እናቴ፣ ማንን ነው የሚጠብቁት?» አለ ፈታኙ።

«ሰውየው ገና አልፈቀደልኝም።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ዳቦ የጫነው።»

ፈታኙ አንገቱን አስግጎ አየ። «እሱማ ቁርሱን እየበላ ነው። እዚህ የሚፈቅደው መብራቱ ነው፤ ሌላ ማንም የለም።»

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አረንጓዴው ዳግም ሲበራ ወደ ሰውየው ሳታይ፣ በልቧ «ይቅርታ» እያለች አለፈች። አበቃልኝ ብላለች። አራተኛው ፎቅ፣ አንሶላው ታያት። ቢሆንም አቀበቱ ላይ የቁም ምልክት ስታይ፣ መንገዱ ጭር ያለ ቢሆንም ጎማዋን አስቁማ ግራ ቀኝ ተመለከተች። ምልክት ምልክት ነው።

ወደቡ ዳር ስታቆም ፈታኙ ብዙ ጻፈ። አርጊሮ የብዕሩን ድምፅ እየሰማች ቀሚሷን እንደ ሽርጥ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«መዘግየትዎን ጽፌዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን ቆሞ ሰው የጎዳ አላውቅም። ባዶ መንገድ ላይ ያለውን ያንን ምልክት ዛሬ ያከበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። አልፈዋል። አረንጓዴ ሲሆን ግን ይሂዱልን!»

ከወደቡ ስልክ ደወለች። ለስትራቲስ ማለፏን ነገረችው። እሱም፣ «እንግዲያ መኪናዋን ልጠብ» አለ።

በመርከቡ ላይ ግን ሐሳብ ያዛት። ሰኞ ሐብሐብ ተጭኖ፣ ባሏ ከጎኗ ተቀምጦ፣ በዚያ ገደል አፋፍ... ከጎኗ ደግሞ ኢግናቲስ፣ ፍሬን የሚይዝላት፣ አይኖርም። መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዋን ስትከፍት እጇ ጠንካራ ነገር ነካ። የጎረቤቷ የኤቭዶኪያ ጫማ ነው፤ ሲሮስ ላለው ጫማ ሰፊ ስጪልኝ ብላ ጠዋት ያስያዘቻት። ሶሉ እንደተገነጠለ አፉን ከፍቷል። አርጊሮ በፈተናው ጭንቀት ሳትሰጠው ረስታዋለች፤ ሲሮስም ከኋላ ርቃ ቀርታለች።