አያቴ ያስቀሩት ጠመንጃ

ቀበሌው «በየቤቱ አንድ ጠመንጃ ብቻ ይቅር፣ ሌላውን አስረክቡ» ባለ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ቤታችን ውስጥ አያቴን ተቆጣኋቸው።

«አባባ፣ ቀጭን ጥይት የሚጎርሰውን ያስቀሩ! ወፍራሙ ሲተኮስ ትከሻዎን ይሰብረዋል። ወላሂ፣ ከእንግዲህ አላሽልዎትም!»

ሳቁብኝ። «አንቺ አፈኛ! አጋዘን በቀጭን ጥይት ቆስሎ ቢያመልጥ፣ ጫካ ውስጥ ስንት ቀን ይሰቃያል? እሱ ከሚሰቃይ እኔን ትከሻዬን ቢያመኝ ይሻላል» አሉና ወፍራሙን አስቀሩ። ከአደን በተመለሱ ቁጥር እያጉረመረምኩ ትከሻቸውን በቅቤ አሽላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሐርቡ አዳኝ የአያቴን መሞት ሳይሰማ፣ የያዘው ጠመንጃ ለአደን ይበጅ እንደሆነ ሊያማክራቸው መጣ። «አባባ የሉም እንዴ?» አለኝ። አደን ወጥተዋል ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። «ቀበርናቸው» አልኩት። ጠመንጃውን ደጃፉ ላይ አስደግፎ፣ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላቸው።

«አሚን» አልኩና አባባ ያስቀሩትን ወፍራሙን አውጥቼ አሳየሁት።