ሁላችንም የተናዘዝነው ኃጢአት

መተማ ቆላ ላይ ልጅ ሲወለድ ከደስታው ፍርሃቱ ይቀድማል፤ ንዳዱ ሕፃን አይምርም። የመጀመሪያ ልጄ ስትወለድ፣ ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና እስክትነሳ በየማለዳው ግንባሯን እየዳበስኩ ቀን ቆጠርኩ። ጊዜው የጣሊያን ነው። ባሌ አርማጭሆ ጫካ ገብቷል። እኔ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ "ለንግድ ገላባት ተሻግሯል" እያልኩ በመስቀል እምል ነበር።

በዚያው ዓመት ከደጋ አዲስ አለቃ መጡልን። ድምፃቸው ያማረ፣ ጥምጥማቸው ከቤተ ክርስቲያናችን የሣር ክዳን የማያንስ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም፤ ወሬ ግን ይጥማቸዋል። በመጡ በወሩ "ከእንግዲህ የሁላችሁም የነፍስ አባት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ያልተናዘዘ ልጁ ክርስትና አይነሳም" ብለው አወጁ።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ የተናዘዝነው እሑድ ደጅ፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ በሚሰብኩት ስብከት ይመጣ ጀመር። "ስም አልጠራም" ይላሉ። "ብቻ አንዲት ሴት፣ ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፣ አንድ ዓይና በሬ አላት፣ በጾም ወተት ቀምሳለች።" ምእመኑ ሁሉ ዞሮ ባለበሬዋን ጎረቤቴን ያያል። እኔም አብሬ ዞሬ ስቄያለሁ፤ ዛሬ አፍርበታለሁ። ተራዬ ሲቀርብ ነው ሳቄ የደረቀው። ከምእመኑ መሃል ለጣሊያን ሹም ወሬ የሚያቀብል እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የቀድሞው የነፍስ አባቴ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ፤ ጆሯቸው ከብዷል። ለእሳቸው መናዘዝ ማለት ከመንደር ርቆ፣ ማሽላ ውስጥ ገብቶ መጮህ ነው። የእኛ ኃጢአት ስንቱን ወፍ ከማሽላው አባሯል።

ሰማንያው ቀን ሲቃረብ ባለበሬዋ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ባሌ አልነገርኳትም፤ ለአለቃው መናዘዝ ፈራሁ አልኳት። ጥጧን እየፈተለች፣

"የሚያወሩት እኛ የምንሰጣቸውን አይደል?" አለችኝ። "እንግዲያው ሁላችንም አንድ ዓይነት እንስጣቸው።"

በዚያ ዓርብ ሰባት ሴቶች ተራ በተራ አለቃው ቤት ገባን። ባለበሬዋ ቀደመች።

"አባ፣ ሰው አምቻለሁ።"

"ማንን፣ ልጄ?"

"እርስዎን።"

"ምን ብለሽ?"

"የሰሙትን ንስሐ ያወጣሉ ብዬ።"

ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም ይህንኑ ተናዘዙ። መጨረሻ እኔ ስገባ አለቃው ማንን ብለው እንኳ አልጠየቁም። ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ "አውቄዋለሁ፣ ተነሺ" አሉኝ።

እሑድ ለስብከት ቆሙ። "አንዲት ሴት..." ብለው ጀመሩና አቆሙ። ሰባታችንም ከፊት ቆመን በትሕትና እናያቸዋለን። ወንጌሉን ደግመው አነበቡና አሳረጉ። ሰንበቴው ላይ የአገር ሽማግሎች ከበቧቸው። "ደብሩን ይምሩልን፣ የነፍስ አባታችንን ግን እኛው እንምረጥ" አሏቸው። እሺ አሉ። አንገታቸውን ደፍተው ዳቦውን ሲቆርሱ ሳይ አሳዘኑኝ።

ልጄን ሽማግሌው ቄስ ክርስትና አነሷት። በማግስቱ የሐሰት መሐላዬን ልናዘዝ ከእሳቸው ጋር ማሽላው ውስጥ ገባሁ። ይህን ግን መጮህ አልቻልኩም። እግዚአብሔር ከሰማኝ ይበቃል ብዬ፣ ባሌ ያለበትን ጫካና ስንቁን የማደርስበትን መንገድ ለራሴ ያህል በሹክሹክታ ተናገርኩ።

አባ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

"ሃያ ስገጂ" አሉኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ስንቁ ላይ ጨው ጨምሪበት። በዚህ ቆላ ላብ ሰውን ይጨርሰዋል" አሉ።

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ባሌ በሕይወት ተመለሰልኝ። ስለ አባ ጆሮ ግን ለእሱም ትንፍሽ አላልኩም። እስኪያርፉ ድረስ ትንንሹን ኃጢአቴን ይዤ ማሽላው ውስጥ ስገባ፣ ከሴቶቹ ሁሉ በላይ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።