በልዋጭ የመጣው ራዲዮ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ በር ላይ፣ ካርቶን ቀድጄ አንድ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር። «ዲጂታል ራዲዮ ገብቷል፤ አሮጌውን አምጥተው በአዲስ ይለውጡ» ይላል። ከጻፍኩት ውስጥ አንድም ቃል ውሸት አልነበረበትም። ራዲዮው ገብቷል፤ ቁጥሩ በመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፤ ማሸጊያው ላይም ዲጂታል የሚል ተጽፏል። ንግድ ያስተማረኝ ይህንን ነው። መዋሸት የጀማሪ ሥራ ነው። የበሰለ ነጋዴ እውነቱን እስከ ግማሽ ተናግሮ ዝም ይላል፤ ቀሪውን ገዢው ራሱ ይሞላዋል።

በዚያ ሰሞን ደግሞ የሚሞላው ነገር በየሻይ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ቴሌቪዥን ወደ ዲጂታል ሊዞር ነው ተባለ። ቀጥሎ አንዱ ከስብሰባ ሲመለስ፣ በሌላ አገር የራዲዮውም ሥርጭት እንደዚያው እየሆነ ነው፣ እኛም ዘንድ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም የሚል ነገር ይዞ መጣ። ወሬው መናኸሪያ ሲደርስ «አሮጌ ራዲዮ ሊዘጋ ነው» ሆነ። ፎንቆ ገበያ ሲደርስ የሚዘጋበት ቀን ጭምር ተቆርጦለት ነበር። ቀኑን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም። የቆረጡትንም ግን አላረምኩም።

ከእኔ ከገዙት ሰዎች አንዱ ከሀቢቾ ወዲያ፣ ገደል ሥር ካለ መንደር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ራዲዮአቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ እንደታመመ ልጅ አቅፈው ገቡ። የባትሪው ክዳን በጎማ ቁራጭ ታስሯል፤ የተሰበረው አንቴና በሽቦ ተቀጥሏል። ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጃቸው በስልክ፣ አሮጌው ሳይዘጋብህ አዲስ ግዛ ብሏቸው ነው የመጡት። ብዙ አልተከራከሩም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኛን ጣቢያ ይይዛል ወይ አሉ።

የእኛ ጣቢያ የሚሉት በሀዲይኛና በከምባትኛ የሚያስተላልፈውን ነው። ቁልፉን ተጫንኩላቸው። ቁጥሩ ሮጠ፣ ጣቢያው ላይ ቆመ፣ ድምፁም አጠገባችን ያለ ሰው የሚናገር መሰለ። ከተማ ውስጥ ማሰራጫው ቅርብ ነው፤ ድስት ብታስቀምጥም ይይዛል። ይህንን ግን አልነገርኳቸውም። አዲሱን ሰጥቼ አሮጌውን በልዋጭ ተቀበልኩ፤ በዋስትናው ወረቀት ላይ ስማቸውንና መንደራቸውን ጻፍኩ፤ መርቀውኝ ሄዱ።

ሽማግሌው ያንን ጣቢያ የሚፈልጉት ለዘፈኑም ለዜናውም አልነበረም። በእኛ አገር ሞት የሚሰማው በራዲዮ ነው። ሀዲያና ከምባታው ተጋብቶ፣ ተዋልዶ፣ ከዚህ እስከ ሀደሮ ተበትኗል። የሟቹ ስም ይነበባል፤ የቀብሩ ቦታና ሰዓት ይነገራል፤ ከዚያ ዘመዶቹ በየተራ ከነመንደራቸው ይጠራሉ። ስምህ ከተጠራ በኋላ «አልሰማሁም» ብትል የሚያምንህ የለም። ከሰርግ መቅረት ያስወቅሳል፤ ከቀብር መቅረት ግን ዝምድና ያስቆርጣል። በሽማግሌው መንደር ደግሞ ይህንን ማስታወቂያ የሚያሰማው ራዲዮ የእሳቸው ብቻ ነበር። ሌላው ሰው በሞባይሉ መዝሙርና ዘፈን ነው የሚሰማው። የመንደሩ መርዶ ሁሉ የሚወጣው ከእሳቸው ቤት ነበር።

አሮጌውን ራዲዮ ፈትቼ ድምፅ ማጉያውን ልወስድ ነበር ሐሳቤ። ባትሪ ጨምሬ ብሞክረው ከሱቄ ራዲዮ ሁሉ የተሻለ ተናገረ። መርፌው እሳቸው የተዉት ቦታ ላይ ስለሆነ ሳልነካው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ቀን ቀን ሲያወራ ይውላል።

አንድ ጠዋት ለደንበኛ የመብራት ሽቦ እየለካሁ ሳለ የሞት ማስታወቂያው ተጀመረ። ሀደሮ ያረፉ አንዲት እናት ስም ተነበበ። ቀጥሎ ከዘመዶቻቸው ስም መጀመሪያ የተጠራው የእኚያ የልዋጭ ደንበኛዬ ስም ነበር። መንደራቸውም ተጠራ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁ፤ ራሳቸው ናቸው። አዘንኩላቸው። ወዲያው ደግሞ፣ እንኳን አዲሱን ገዙ፣ አሁን ሰምተው መንገድ ጀምረዋል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ትንሽም ኮራሁ። ሽቦዬን ለክቼ ጨረስኩ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይመስለኛል፣ አዲሱን ራዲዮ ከነካርቶኑ ይዘው መጡ። እኔ ፈጠን ብዬ ተነሳሁና፣ «አባባ፣ የእህትዎን ሰማሁ። ጌታ ያጽናናዎት» አልኩ።

ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ሊያኖሩ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። «አንተ ከማን ሰማህ?»

ወደ መደርደሪያው ጠቆምኩ። ራዲዮአቸው እዚያው ቁጭ ብሎ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። እኔን ትተው እሱን አዩት።

«መቼ?»

«የተቀበሩ ዕለት፣ በጠዋት።»

«እኔ በስድስተኛው ቀን ነው ከገበያ በተመለሰ ሰው የሰማሁት» አሉ። «እንግዲህ ለእኔ የተላከውን አንተ ተቀብለኸዋል ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን በአጭሩ ልበል። አዲሱ ራዲዮ ገደል ሥር ሲገባ ቁጥሩ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ በሩቁ ያለ የሌላ ከተማ ጣቢያ ላይ ብቻ ይቆማል። አለማወቄ ነው ብለው የሚያሳያቸው ሰው ሲጠብቁ ሰነበቱ። የእህታቸው ልጆች ስልክም ደውለዋል፤ የሽማግሌው ስልክ ግን ሀቢቾ ሄዶ ቻርጅ የሚያደርግለት ሰው ሲገኝ ነው የሚነሳው። ሬሳው እሳቸውን ሲጠብቅ ውሎ ያለ እሳቸው ተቀበረ። ነገሩን ያከበደው ደግሞ ሌላ ነው። አምና ለእህታቸው አደራ በሰጧት ላም ጥጃ የተነሳ ከእህታቸው ልጆች ጋር ተቀያይመው ነበር። ስለዚህ ሲቀሩ፣ ቂሙን እስከ መቃብር ይዞ ቀረ ተባለ። ሰምተው ሲሄዱም ማንም ቁጭ በል አላላቸውም። ቆመው አልቅሰው፣ ቆመው ተመለሱ።

ጎረቤቴ ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ጠርቼው አዲሱን ከፍቶ አየው። ምንም አልተበላሸም አለ። ይህ ዓይነቱ ራሱ እየፈለገ ነው የሚይዘው፤ ደክሞ የሚመጣውን ድምፅ ጣቢያ ብሎ ስለማይቆጥረው አልፎት ይሄዳል። ገደል ሥር ደግሞ ድምፁ እያነከሰ ነው የሚደርሰው። አሮጌው የራሱ ሐሳብ የለውም፤ በጣት ቀስ ብለው ያሳዩትን ይይዛል፣ እየተንሿሿም ቢሆን ይናገራል። ደግሞም አለ፣ ከእኔ ጋር መቀለድ ስለሚወድ፤ ዲጂታል ሥርጭት የሚሉት ማሰራጫውም መቀበያውም ሌላ ነው፣ እዚህ ገና አልደረሰም፤ አንተ የሸጥክላቸው የድሮውን ራዲዮ ነው፣ ሰዓት አስረህለት።

ይህንን እኔም በከፊል አውቀው ነበር። በከፊል ማወቅ ለንግድ ይመቻል። እዚህ ሱቅ ውስጥ የከተማ ሰው ራዲዮ ሲገዛ የሚጠይቀው «ድምፁ ይጠራል ወይ?» ብሎ ነው። ገደል ሥር ያለ ሰው የሚጠይቀው «ይደርሳል ወይ?» ብሎ ነው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ሁለተኛውን ነው፤ እኔ የመለስኩት መጀመሪያውን።

አሮጌውን ራዲዮ አውርጄ አሳቀፍኳቸው። አልሄዱም። «ይህንን ለእነሱ ትነግራቸዋለህ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ደብዳቤ ልጻፍልዎ አልኩ። ደብዳቤ ይዤ ብሄድ ነጋዴ ገዝቶ መጣ ይሉኛል አሉ። በስልክ ልንገራቸው አልኩ። የሰውን ፊት በስልክ ያያሉ ወይ አሉኝ። ልቤ ወዲያና ወዲህ አለ። ሀደሮ ከእኔ ራዲዮ ወስደው የሚሸጡ ሁለት ሰዎች አሉ። ለቅሶ ቤት መሐል ቆሜ ዕቃዬን ካማሁ፣ በማግስቱ ከእነሱ ሱቅ ማን ይገባል? ሽማግሌው ባንኮኒውን ተደግፈው ይህንን ሁሉ ሳስብ ጠበቁኝ፤ ስንት ነጋዴ አይተዋል።

የገበያ ቀን ሱቄን ዘግቼ ሄድን። በዱራሜ በኩል ሀደሮ እስክንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ እሳቸው አሮጌውን፣ እኔ አዲሱን በጉልበታችን ላይ ይዘን ነበር። አንድ ተሳፋሪ ትሸጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። በዕድሜዬ እንዲህ ተጠይቄ ዝም ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

ድንኳኑ ተነስቷል፤ ካስማው የነበረበት ጉድጓድ ብቻ ሣሩ ላይ ይታያል። የሟቿ የመጀመሪያ ልጅ አስተማሪ ነው። ወጥቶ እኔን ጨበጠኝ። አጎቱን አልጨበጠም። ሽማግሌው እንሰቱ አጠገብ፣ ከበሩ ጥቂት ገባ ብለው ቆሙ። ታናናሽ ወንድሞቹም ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

አጽናንቼ ስጨርስ ስለ ገደሉ፣ ስለሚያነክሰው ድምፅ፣ ስለ ራዲዮው ጣቢያ አመራረጥ ማስረዳት ጀመርኩ። ሳስበው ዕቃ የማሻሽጥ መስሎብኛል። አስተማሪው በትዕግሥት ሰማኝና፣ «ወንድሜ፣ ራዲዮ ሻጭ ነኝ ብለሃል» አለ። «የሸጥኩት ራዲዮ አይሠራም ብሎ ለመመስከር ሱቅ ዘግቶ የሚመጣ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። ምን ሰጥቶህ ነው?»

ምንም ብል አያምነኝም። ሰላሳ ዓመት በግማሽ እውነት ነግጄ፣ ሙሉውን ይዤ ስመጣ ገዢ ጠፋ።

«ራዲዮውን ነው የሰጡኝ» አልኩ። «በልዋጭ ወስጄባቸው። ማስታወቂያችሁ ሲነበብ በእሱ ላይ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሰምተዋል ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ሰማሁ ማለት ቀላል ነው።»

የሚሸጥ ነገር አልቀረኝም፤ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት አልኩለት። «ከዘመድ መጀመሪያ የተጠራው የእሳቸው ስም ነው። ከእናንተ ከልጆቿ ቀድሞ። ‹ታላቅ ወንድማቸው፣ እንደ አባት ያሳደጓቸው› ይል ነበር፤ ከዚያ መንደራቸው፤ ከዚያ የእናንተ ስም።»

አስተማሪው መሬት መሬት አየ። ድምፅ የመጣው ከኋላዬ ነው። ሽማግሌው በከምባትኛ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ከምባትኛዬ የገበያ ነው እንጂ ለቅሶ አይደርስም፣ ይህችን ግን ለመረዳት በቃኝ። እንደዚያ ይል ነበር ወይ ነው ያሉት። ደግሞ ስድስት ቀን ዘግይተው የመጡ ጊዜ ይህንን የነገራቸው እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። ስማቸው ከልጆቿ ቀድሞ ተጠርቶ እንደቀሩ እንኳ አያውቁም ነበር።

አስተማሪው የመለሰው በአማርኛ ነው፤ እኔም እንድሰማ ይሁን፣ በራሳቸው ቋንቋ ከብዶት ይሁን አላውቅም። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «እነዚህ ወንድሞቼ ስሙን ከመጨረሻ አድርገው ብለውኝ ነበር። እሷ ብትሆን ከፊት ታደርገው ነበር ብዬ ነው።»

አስተማሪው ወደ ቤት ገባና ራሱ ወንበር ይዞ ወጣ። ማንንም አልላከም። እንሰቱ ድረስ ሄዶ አጎቱ አጠገብ አኖረውና መደገፊያውን በእጁ ይዞ ጠበቀ። «አጎቴ፣ አረፍ ይበሉ» አለ።

ሽማግሌው ተቀመጡ። ራዲዮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አሁን ገና እንደተረዱ ሆነው አለቀሱ። ልጆቹም ቀስ በቀስ ግድግዳውን ለቀው መጥተው ከበቧቸው።

እኔ ካርቶኔን ታቅፌ በሣሩ መሐል እንደቆምኩ ነኝ። መሄድም አልቻልኩ፣ መቅረትም። ብዙ ቆይተው ሽማግሌው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ይህንንም ልጅ አስቀምጡት» አሉ። «ከሆሳዕና ጀምሮ እንደቆመ ነው።»