የአንኮበሩ ጊታርና ዋሱ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ የታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃንን በያዘበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ትልቅ ጉዳት ስለደረሰ አይደለም። ጉዳቱ ሊደርስ ሲል በጣቴ ያመለከትኩት እኔ ስለነበርኩ ነው።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታስሮ ስለነበር ቤተሰባችን በዓይን የሚጠበቅ ነበር። ስለዚህ የምፈርምበትን ወረቀት ሁሉ ሦስት ጊዜ አነብ ነበር። ሰው ሲስቅ ለምን ሳቀ፣ ዝም ሲል ለምን ዝም አለ እያልኩ ነበር የምኖረው።

በዚያ ሰሞን የቀበሌው የኪነት ቡድን ጊታር አስፈለገው። የነበረው የብረት ክር ያለው ቦክስ ጊታር ነበር። አዳራሹ ሰው ሲሞላ አይሰማም። ማይክሮፎን ሲያስጠጉለት ደግሞ ስፒከሩ ያፏጫል። የምትጫወተው ብዙነሽ ቀን ቀን ሱፍ አጣቢ ነበረች። ጣቶቿ በውኃና በብርድ ስለተሰነጣጠቁ የብረቱ ክር ያደማት ነበር።

«ክሩ ናይለን የሆነ፣ በሽቦ ከስፒከር ጋር የሚገናኝ፣ አንገቱ ያልጎበጠ» አለች በስብሰባ ላይ ምን ዓይነት እንደምትፈልግ ስትጠየቅ። «ደግሞም የቀበሌው ኪስ የሚችለው።»

«ራሱ የሚዘፍንስ አልፈለግሽም?» አሉ ሊቀመንበሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

አዲስ አበባ ተጠይቆ የተነገረን ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ነገሩ ሊተው ሲል ብዙነሽ ወሬ ይዛ መጣች። ከአንኮበር በኩል የበግ ፀጉር የሚያመጡ ሰዎች፣ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ልክ እንዲህ ያለ ጊታር በእጁ እንዳለና በርካሽ እንደሚሸጠው ነግረዋታል። እሷ ደስ አላት። እኔን ግን «በርካሽ» የሚለው ቃል ከነከነኝ። ግዢው የሚፈጸመው በእኔ ፊርማ ነው። ዕቃው የተሰረቀ ወይም ከመንግሥት መጋዘን የወጣ ሆኖ ቢገኝ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የታሰረ ወንድም ላላት ሴት ደግሞ ጥያቄው በአንድ ቀን አያልቅም።

በገበያ ቀን ሁለታችን በጭነት መኪና ተጭነን አንኮበር ሄድን። ገበያው ወደሚቆምባት ጎረቤላ ስንደርስ ከቆላው የወጣው ጉም ገበያውን ሸፍኖት ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለይም ነበር። ነጋዴውን ጠይቀን አገኘናቸው። ሐጂ ሰይድ የሚባሉ፣ በርበሬና ጨው የሚሸጡ፣ ጢማቸው ሂና የተቀባ ሽማግሌ ነበሩ። ጊታሩን በጆንያዎቻቸው መሐል፣ በጋቢ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ጋቢው ውስጥ ጥቁር ማኅደር፣ ማኅደሩ ውስጥ ጊታሩ።

ብዙነሽ ተቀብላ እንደ አነጣጣሪ አንድ ዓይኗን ጨፍና አንገቱን ተመለከተች። ጀርባውን በጣቷ አንኳኳች። እያንዳንዱን ክር በየቦታው እየተጫነች ድምፁ ይሰነጠቅ እንደሆነ አዳመጠች። ከዚያ ጥቂት ተጫወተች። በርበሬ የሚመዝኑት ሰዎች እንኳን ዘወር አሉ።

«ይኼ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ፊትሽን እንዳጠቆርሽ ቆዪ፣ ዋጋ ይቀንሱልናል።»

እኔ ፊቴን ያጠቆርኩት ለዋጋው አልነበረም። በማኅደሩ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ የተጻፈ ስም ነበረ። አንድ ሰው በምላጭ ፍቆታል። የፋቀው በጥንቃቄ ነው፤ አንድ ፊደል እንኳን አይነበብም። ባትሪ ተውሼ በጊታሩ ቀዳዳ ውስጥ አበራሁ። ክሮቹ ከሚታሰሩበት ሥር አንድ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ በጎን በኩል ወዳለች ትንሽ የብረት ቀዳዳ ይሄዳል። መሐል ላይ ክብሪት የምታህል ሣጥን ተጣብቃለች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ድምፁን ወደ ስፒከር የሚወስደው ነዋ!» አለች ብዙነሽ። «ይኼንን አይደል የምንፈልገው?»

«መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«አንቺ መርማሪ! እንግዲያ ምን ይሆናል?»

ምን ሊሆን እንደሚችል ገበያ መሐል አልተናገርኩም። በዚያ ዘመን የመገናኛ ሬድዮ ተገኘበት የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሐጂ ዞሬ «ከየት አገኙት?» አልኳቸው።

«ወላሂ እህቴ፣ እኔ የማውቀው በርበሬና ጨው ነው። ይኼ የሰው አደራ ነው።»

«የማን?»

«የሰው።»

«ይህን ያህል የረከሰውስ ለምንድን ነው?»

ሐጂ ሳቁ። «ሱብሐነላህ! ሲወደድ ትጮኻላችሁ፣ ሲረክስም ትጮኻላችሁ።»

ዋስ አምጡ አልኳቸው። በአገራችን ልማድ ከማያውቁት ሰው ዕቃ ሲገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራል። ዕቃው የሌባ ሆኖ ቢገኝ ያ ዋስ በሻጩ እግር ይገባል። ነጋዴው ዋስ ካጣ ጥለን እንሄዳለን ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት እንኳን አላመነቱም። ሰው ልከው ብዙ ሳይቆይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ መጡ። መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። እዚያው አካባቢ ባለ ደብር የሚያገለግሉ ናቸው።

ይህ ደግሞ ጥርጣሬዬን አባሰው። ሐጂና መሪጌታ ጎረቤትና ወዳጅ ቢሆኑ አይገርመኝም፤ አገሩ እንዲያ ነው። ነገር ግን የደብር መሪጌታ ለጊታር ዋስ ሲሆን አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

«ዕቃውን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ሻጩን አውቃለሁ፤ ይበቃል» አሉ።

ጎረቤላ ያን ጊዜ መብራት ስላልነበረ ጊታሩን በስፒከር መሞከር አይቻልም ነበር። ደብረ ብርሃን ወስጄ ሳላየው አልፈርምም አልኩ። ሐጂ ገበያቸውን ጥለው መሄድ አልቻሉም። መሪጌታ «ዋሱ እኔ አይደለሁ? አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉ። ብዙነሽ አፈረች። «እኚህን አባት በዚህ ብርድ?» አለችኝ። እኔ ግን እሺ አልኩ።

በመኪናው ላይ ማኅደሩን በጭናቸው ይዘው ተቀመጡ። መኪናው ሲነሣ ከፈቱትና ክሮቹን አንድ በአንድ አላሏቸው። ሦስተኛውን መቃኛ ሲያዞሩ አውራ ጣታቸውን ከሥሩ ደገፍ አደረጉ። ብዙነሽ ገበያ ላይ ያ መቃኛ እየተንሸራተተ አስቸግሯት ነበር። እሳቸው ግን ሳይነገራቸው ያውቁታል።

«ጊታር ይችላሉ?» አልኳቸው።

«በገና እደረድራለሁ። ክር ተወጥሮ መንገድ አይሄድም።»

መልሱ ጥሩ ነበር። አላመንኩትም።

አሥር ሰዓት ገደማ አዳራሹ ደረስን። ሊቀመንበሩ ጠብቀውናል። ብዙነሽ ክሮቹን ቃኝታ ከስፒከሩ የሚወጣውን ሽቦ በጊታሩ ጎን ሰካች፣ ስፒከሩን አበራች። መጀመሪያ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ወንድ ተናገረ።

ሰውዬው የሚናገረው በስፒከሩ ውስጥ ነው። ቋንቋው አማርኛ አይደለም፤ ዐረብኛ መሰለኝ። እየፈጠነ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ይናገራል።

ሊቀመንበሩ ሄደው በሩን ዘጉ። ሲመለሱ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። «ይህን ያመጣው ማን ነው?» አሉ።

ሁሉም እኔን አየ። ያን ጊዜ እጄ ራሱ የተነሣ ይመስል ተነሣ። መሪጌታን አመለከትኩ።

«ዋሱ እሳቸው ናቸው» አልኩ። «ስም ተፍቆበታል። ውስጡ ሽቦ አለ። ከየት እንደመጣ አይናገሩም።»

ይህን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ተናገርኩ።

መሪጌታ ከአግዳሚው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አዎ፣ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ አብዮት ጥበቃ ሊጠሩ ወደ በሩ ሲዞሩ ብዙነሽ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። ሽቦውን ከጊታሩ ነቅላ ጫፉን ወደ ላይ ይዛ አሳየች። ጊታሩን ራሱን ወስዳ ከአዳራሹ ማዶ ጥግ አስቀመጠችው።

ሰውዬው መናገሩን አላቆመም። እንዲያውም ጎላ አለ።

«እንግዲህ የሚታሰረው የቀበሌው ስፒከር ነው» አለች ብዙነሽ። «ሽቦው ተልጦ ሬድዮ ይስባል። ባለፈውም ይኼው ሽቦ ተሰክቶበት ለብቻዬ ስለማመድ እንዲህ አድርጎኝ ነበር፤ ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

የቀበሌው ስፒከር በቀበሌው አዳራሽ ውስጥ የውጭ አገር ሬድዮ እያሰማን ነው።

«አጥፊው!» አሉ ሊቀመንበሩ። አጠፋችው። «እዚህ የሰማ ሰው የለም። ሰምተሻል እንዴ አንቺ?» አሉኝ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

ብዙነሽ ጊታሩን መልሳ አምጥታ፣ በተላጠው ሽቦ ፋንታ የማይክሮፎኑን ሽቦ ሰካች። ንቡም ሰውዬውም ጠፉ። ጊታሩ ብቻ ቀረ፤ ድምፁ አዳራሹን እስከ ጣሪያው ሞላው። መሪጌታ ተቀምጠው ወለሉን እያዩ አዳመጡ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው የብዙነሽን ጣቶች ተመለከቱ።

መሪጌታ ሌሊቱን አንድ ዘመዳቸው ቤት አደሩ፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የሄድኩት፤ ቃሉ ግን አልወጣልኝም። የግዢው ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ዕቃው ከየት እንደተገኘ» የሚለው ቦታ ገና ባዶ ነው።

እሳቸው ቀደሙኝ። «መጠርጠርሽ አላስቀየመኝም» አሉ። «እኔም ትናንት ቀኑን ሙሉ አንቺን ስጠረጥር ነው የዋልኩት።»

«እኔን?»

«ጊታር ፍለጋ አንኮበር ድረስ የሚመጣ የቀበሌ ጸሐፊ አለ ቢሉሽ ታምኛለሽ? ልጄን ፍለጋ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

ቆም ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ጊታሩ የእሱ ነው» አሉ። «አዲስ አበባ ሲማር የገዛው ነው። ሊያስሩት ሲፈልጉት ወደ ቆላው ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማሁም። ቤት ቢፈተሽ ብዬ ስሙን በምላጭ ፋቅሁት። ላቃጥለው ብዬ ደግሞ እሳት ዳር አድርሼ መለስኩት። ሰይድ በአንተ ስም መሸጥ የለበትም ብሎ ወሰደልኝ። ዋጋውንም ዝቅ ያደረግነው ማንም ቢሆን ቶሎ ይዞት እንዲሄድ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ ለምን ተከትለውን መጡ?»

«ብቀርማ ይበልጥ ትጠረጥሪኝ አልነበር?» አሉና ፈገግ አሉ። ቀጥለው «ደግሞ በስፒከር እንዴት እንደሚጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር» አሉ። «ልጄ ስሙ እንኳን...»

«አይንገሩኝ መሪጌታ» አልኳቸው። «ስሙን አይንገሩኝ። ካላወቅሁት ቢጠይቁኝም አላወጣውም።»

ትንሽ አዩኝና «ደግ ነው፣ ልጄ» አሉ። መኪናው መጣ። ወጡ።

ቢሮ ተመልሼ በባዶው ቦታ ላይ «ከአንኮበር ገበያ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አነበቡ።

«ይኸው ብቻ ነው?»

«ይኸው ብቻ ነው።»

እሳቸውም ፈረሙ። ስለዚያ ቀን ጥያቄ እንዲነሣ እሳቸውም አይፈልጉም ነበር። ለብዙ ወራት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ስለ ጊታሩ ሊጠይቁኝ የመጡ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። ብዙነሽ ለዓመታት ተጫወተችበት። በኋላ መንግሥት ተለውጦ የአዳራሹ ዕቃ ሲበተን ጊታሩ የት እንደገባ አላውቅም። መሪጌታንም ዳግመኛ አላየኋቸውም።

አሁን አርጅቻለሁ። ያን ቀን እጄን በእሳቸው ላይ ማንሣቴ ያሳፍረኛል፤ ዕድሜ አላቀለለውም። ስሙን አይንገሩኝ ማለቴ ግን ያኔ ልክ ነበር። ዛሬም ልክ ነበር እላለሁ። ሆኖም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለጸሎት ስም ሳስጠራ፣ የቤተሰቤን ጨርሼ ዝም የምልበት ቦታ አለ። ካህኑ «ሌላስ?» ይሉኛል። እዚያ ላይ ላስጠራው የምፈልገው አንድ የሰው ልጅ አለ፤ ስሙን አላውቀውም።