«የሥራ ሽታ ነው»

ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም «መስታወት» ይሉታል። እሱ የጨረሰው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው የገዛ ጥርሱን መቁጠር ስለሚችል ነው። ሥራው የቤት ዕቃ ማሳመር ነው፤ አሠራሩን ቆም ብሎ ላየው እጅግ ደስ ይላል! ጎማላካ የሚባለው፣ ስስ ቅርፊት የሚመስል ሙጫ፣ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል። ሲሟሟ ማር ይመስላል። ከዚያ በጨርቅ እየተነከረ እንጨቱ ላይ ክብ ክብ ተደርጎ ይታሻል። አልኮሉ ተንኖ ይሄዳል፤ ሙጫው ይቀራል። የመጀመሪያውን ዙር እንጨቱ ምጥጥ ያደርገዋል፤ ያኔ ባለሙያዎቹ «ጠጥቷል» ይላሉ። ጠጥቶ ካልጠገበ አያበራም፤ ስለዚህ ደጋግመው ያጠጡታል።

የሚተነው አልኮል ግን እንዲሁ ጠፍቶ አይቀርም። ጸጉር ውስጥ፣ ሸሚዝ ውስጥ፣ ጥፍር ሥር ይገባል። መስታወት ለዓመታት የተደበቀው እዚህ ሽታ ውስጥ ነበር። ከመጠጥ ቤት ሲመለስ ሚስቱ አፍንጫዋን ስትይዝ «የሥራ ሽታ ነው» ይላታል፤ ታምነዋለች። አንድ ቀን ልጃቸውን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሄዶ፣ ሲመለሱ ሰክሮ መንገድ ዳር ተዘረረ። ጎረቤት ሲደርስ ልጅቱ አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር።

«ከእንግዲህ አንዲት ጉንጭ ብትቀምስ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት ነኝ» አለችው ሚስቱ። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን አዳራሽ የሚናገር ወረቀት አየ። አዳራሹን ፈልጎ አገኘና ሰዎች ተሰብስበው ባየበት ክፍል ገብቶ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ «አስተያየት ያለው አለ?» ሲሉ፣ ወኔው ሳይከዳው ብድግ አለ።

«እኔ ሰካራም ነኝ። እርዱኝ።»

«ወንድሜ» አሉት ሽማግሌው በሐዘኔታ፣ «እኛ የፍሳሽ ቱቦ ኮሚቴ ነን። ያንተኛው የሚቀጥለው በር ነው።»

የሚቀጥለውን በር የምትመራው ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ እሷም ድሮ ጠጪ ነበረች። «ሲስተር» ይሏታል። የስብሰባው ዘዴ ቀላል ነው፤ የሚገርመውም ቀላልነቱ ነው። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። የሚያቋርጥ የለም፣ የሚመክር የለም፣ የተሰማው ከክፍሉ አይወጣም። ዕድሜ ልኬን አልጠጣም ብሎ የሚምል ሰው ይሳቅበታል። «ለዛሬ ብቻ ማል» ትላለች ሲስተር፣ «ነገ ደግሞ ነገ እንጨቃጨቃለን።»

መስታወት ከስብሰባው አልቀረም። አልጠጣምም። ቤት ሲገባ ግን ያው ይሸታል፤ ሚስቱ በጥርጣሬ ታየዋለች።

አንድ ቀን ስልኩን አላነሳ ሲላት ወደ ወርክሾፑ ደወለች። ያነሳው አናጢው ነው፤ መጋዙ ይጮኻል። በዚያ ሰሞን ቁም ሣጥን ያዘዙ አንዲት ወይዘሮ እየደወሉ ያጣድፉት ስለነበር፣ እሳቸው መሰሉት።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ዛሬ ጠጥቷል?»

«ኧረ በደንብ ጠጥቷል እመቤቴ! ከጠዋት ጀምሮ እያጠጣነው ነው።»

«አሁንስ የት ነው?»

«እስኪደርቅ ጓሮ ጋደም አድርገነዋል። አያስቡ፤ ነገ አንዴ ደግመን እናጠጣውና በመኪና ጭነን እቤትዎ እናደርስልዎታለን!»

መስታወት ቤቱ ሲደርስ የልጅቱ አልጋ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ነገሩ ሲገባው አናጢው ራሱን ይዞ «ምነው አፌን በቆረጠው!» አለ። ደወለላት፤ «ቁም ሣጥኑን ነው ያልኩሽ፣ እህቴ!» እያለ ተማጸናት።

«ጎሽ፤ አሁን ደግሞ ጓደኞቹን አሰልፎ ያስዋሻል» ብላ ዘጋችበት።

መስታወት ከሥራ እንደወጣ ወደ አማቱ ቤት ሄደ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። አፍንጫዋን ያዘች።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«የሥራ ሽታ ነው።»

ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ለዓመታት ሲዋሽባት የኖረው ያቺው አነጋገር ናት፣ በዚያው ድምፅ። ለእውነቱ የሚሆን ሌላ ቃል ቢፈልግ አጣ።

«አውቃለሁ» አለችው በሩን እየዘጋች፤ «መቼ የሥራ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል?»

ይህን ለስብሰባው ሲናገር፣ «ጓሮ ጋደም አድርገነዋል» የምትለዋ ላይ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ አልቆም ብሎት ወደ ልቅሶ ዞረ። ማንም አልመከረውም።

«እኛ እናምንሃለን» አለችው ሲስተር ብቻ።

«እናንተማ ምን ምርጫ አላችሁ።»

ጎማላካውን ተወ። አለቃው «እንዲህ ያለ እጅ!» እያለ እያዘነ ወደ መላጊያው ክፍል አዛወረው። እዚያ ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ይልጋል፤ የሚሸተው አቧራ ብቻ ነው። ደሞዙ ቀነሰ፤ ጥማቱ ግን አልቀነሰም። «መስታወት» የሚለው ስም እንዲያው ለስድብ ያህል ቀረ።

ሚስቱ ልጅቱን እሑድ እሑድ በአማቱ ግቢ በር ላይ እንዲያያት ፈቀደች። በመጀመሪያው እሑድ ልጅቱ ሮጣ መጣች። ሊያቅፋት ጎንበስ ሲል ገፋ አደረገችውና፣ አፍንጫዋን አንገቱ ሥር አስገብታ፣ እንደተነገራት ቀስ ብላ ሳበች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ ጮኸች።

«እማዬ፣ ምንም አይሸትም!»

መጋረጃው ተነቃነቀ። «አፉንም አሽትቺው» አለች እናቷ።

መስታወት ልጁ ፊት በርከክ ብሎ አፉን ከፈተ።