ጀፎረው ላይ የቆመችው ካሚዮን

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ወልቂጤ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ጭማቂ ቤት ይዛኝ ሄደች። ግቢው ሣር አለው፣ ዛፍ አለው፣ ለልጆችም ሁለት ዥዋዥዌ ተሰቅሎበታል። እሑድ እሑድ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አስከትለው የሚመጡበት ቦታ ነው። እዚያ ተቀምጠን ሳለ አንድ ጎረምሳ ባጃጁን እየነዳ ሣሩ ላይ ወጣና ከዥዋዥዌው አጠገብ አቆመ። ሙዚቃውን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ወረደና ጨመረው። አንድ ሕፃን ጆሮውን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። አባቶች እርስ በርስ ተያዩ፣ እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ቃል የተነፈሰ ግን አልነበረም።

እኔ ተነሣሁ። ዘጠና ዓመት ሊሞላት ጥቂት ለቀራት ሴት መነሣት ራሱ ትልቅ ሥራ ነው። ከዘራዬን እስክፈልግ፣ ነጠላዬን እስካስተካክል ድረስ የልጅ ልጄ «እማማ፣ በናትሽ ተቀመጪ፣ ምን አገባሽ!» እያለች ቀሚሴን ትጎትታለች። አልተቀመጥኩም። ሄጄ የሚገባውን ነገርኩት፤ አስተዳደጉንም ጨምሬ። ልጁ አፍጥጦ አየኝ፣ የሆነ ነገር አጉረመረመ፣ ባጃጁን አስነሥቶ ውልቅ አለ። ሰዎች አጨበጨቡልኝ። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ደስታው ቤት እስክገባ እንኳ አልቆየልኝም። ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ የሚመላለሰው ጎረምሳው ሳይሆን ከብዙ ዓመት በፊት እንደዚሁ የጮኽኩበት አንድ ሹፌር ነው።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል። እኔ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ግን ከእኔ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። ሰፈራችን ከጉብሬ አለፍ ብሎ ነው። ቤቶቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተያይተው ተሠርተዋል፣ ከኋላቸው እንሰት ነው፣ ከመካከላቸው ደግሞ ጀፎረው አለ። አገሬን ለማያውቅ ሰው ልንገረው፦ ጀፎረ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ የሁሉም ነው፣ የማንም አይደለም። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ሠርግ እዚያ ይጨፈራል፣ ለቅሶ እዚያ ይለቀሳል፣ ሕፃን እግር የሚያወጣው እዚያ ላይ ነው። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባ የሚገባው ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ጀፎረው ላይ ነው። ሣሩ ካማረ ሰፈሩ አማረ ማለት ነው። የእኛን ጀፎረ የሚጠብቀው፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኖ ሥርዓቱን የሚያስከብረው አባቴ ነበር።

በዚያ ክረምት ጣሊያኖች የጅማን መንገድ ይሠሩ ነበር። ከዋቤ ወንዝ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሱት ካሚዮኖች ጭቃው ውስጥ እየተዘፈቁ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ እንሰማለን። ከጳጉሜ ቀናት በአንዱ ረፋድ ላይ አንዷ ካሚዮን መንገዱን ትታ ጀፎረው ላይ ወጣች። ልጆች ተበተኑ፣ በጎች እንሰት ውስጥ ገቡ። ካሚዮኗ መሐል ለመሐል መጥታ በእኛ ደጅ ልክ ቆመች፤ ከኋላዋ ሁለት ጥቁር ቦይ አጋድማለች። ዝናብ በጠገበ ሣር ላይ የካሚዮን ጎማ ምን እንደሚያደርግ ያየ ያውቀዋል።

ሹፌሩ ወረደ። ታየ የሚባል፣ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ጠይምና ሳቂታ። ወገቡን ይዞ ወዲያ ወዲህ አየና፣

«እንዲህ ያለ መንገድ እያላችሁ ነው እኛ እዚያ ማጥ ውስጥ የምንዳክረው?» አለ።

መንገድ! አባቴን አየሁት። ይህ መንገድ አይደለም ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣና «እንደምን አደርክ፣ ግባ፣ ቁርስ አልበላህም ይሆናል» አለው።

ቤታችን ውስጥ አንድ ሥርዓት ነበር። ከሩቅ የመጣ ሰው ምንም ቢያጠፋ፣ በልቶ ሳይጨርስ ጥፋቱ አይነሣበትም። ከበላ በኋላ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። እናቴ ቆጮና አይብ አቀረበች። ታየ ቆጮ አይቶ አያውቅም ኖሮ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ በፍርሃት አንድ ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ቀና አላለም። በልቶ ሲጨርስ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሊነግረው ነው አልኩ። ታየ ግን ቀድሞት እናቴን ይመርቅ ጀመር። የእናቱን እጅ ጣዕም እንዳስታወሰችው፣ ከቤቱ ከወጣ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ አለቃው፣ ያ ጣሊያን ካቦ፣ ከስድብ በቀር አፉ ሌላ እንደማያውቅ ነገራት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? አባቴ የጠረገውን ጉሮሮ በውኃ አራሰው።

በማግስቱ ታየ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ሽማግሌዎች ፊት ተሰበሰበና ከረጅም ክርክር በኋላ አንድ ውሳኔ ላይ ደረሰ፦ ሰውዬውን በየተራ እንጋብዘው፣ ከበላ በኋላ የጋበዘው ሰው ይንገረው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከእኛ ሰፈር በቀር የትም አይወሰንም። ማክሰኞ ጎረቤታችን ጎመን ክትፎ አበላው፤ ታየ እዚያው ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ረቡዕ ጾም ነው ብሎ ስለነበር ባቄላ ተቀቀለለት፤ እሱን ሲጨርስ ካቦው ይፈልገኛል ብሎ ሮጠ። ሐሙስ የቡላ ገንፎ ነበር፣ ያን ዕለት የሆነውስ አይነሣ። ጀፎረው እየታረሰ፣ ታየ እየወፈረ፣ ንግግሩ ከቀን ወደ ቀን እየተላለፈ ሄደ። አንድ ቀንማ አባቴን አቅፎ «አባቴ፣ እንደ እናንተ ሰው የሚወድ አገር አላየሁም» አለው።

እኔ ልፈነዳ ነበር። አክስቴ ዘንድ አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የለቀምኩት አማርኛ ነበረኝ። ካሚዮኗ ስትመጣ ደጅ ወጥቼ «አንተ ሰውዬ! ቁም! ውጣልን! ዓይን የለህም?» እያልኩ እጮኻለሁ። ቁጣዬ ሲበረታ ግማሹ ጉራጊኛ ይሆናል። ታየ ይሥቃል። «ይቺ ጉደኛ ዛሬም አልተኛችልኝም!» ይልና ጥሩምባውን ነፋ ነፋ አድርጎ ያልፋል። ለእሱ የእኔ ጩኸት የሰፈሩ ጨዋታ ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ደግሞ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ዘበርጋ ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቴ ሁለት ወንዶች ቀብራ ያገኘችው ልጅ ነው፤ ሲያስነጥሰው እንኳ ቤቱ ይደነግጣል። ይህ ልጅ ታየን ወደደው። ከጭኑ ላይ አይወርድም። ታየም «የእኔ ካቦ አንተ ነህ፣ ያ ነጭ አይደለም» እያለ በእጁ ያጎርሰው ነበር። ካሚዮኗ ስትመጣ ሌሎቹ ልጆች ሲሸሹ ዘበርጋ ወደ እሷ ይሮጣል። እናቴ ስታየው ነፍሷ ትወጣለች።

አንድ ቀን አባቴን እንሰት ውስጥ አገኘሁትና ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩት። «ጀፎረው አለቀ። ልጁም አንድ ቀን ጎማ ሥር ይገባል። አንተ ደግሞ ታበላዋለህ! ፈርተህ ነው። ፈሪ ነህ!» አልኩት።

በዚያ ዘመን አንዲት ልጅ አባቷን እንዲህ ብላ አታውቅም። አባቴ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። የደረቀውን የእንሰት ቅጠል መግፈፉን ቀጠለ። ምክንያት እንዳለው እኔም አላጣሁትም። በዚያው ክረምት ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው የካሚዮን ሹፌር ፊት ቆሞ ስለተከራከረ በገበያ ቀን ኩርባጅ ተገርፏል፤ ጀርባውን ሰው ሁሉ አይቶታል። አውቅ ነበር፤ ቢሆንም ተናገርኩት።

መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ነው የሆነው። ሴቶቹ ቤት እየለቀለቁ፣ እኛ ልጃገረዶቹ ግድግዳ እየቀባን ነበር፤ እጄ በሙሉ ነጭ አፈር ነው። ታየ እኛ ቤት ምሳውን በልቶ ወጣ፣ ካሚዮኗን አስነሣ፣ ወደ ኋላ ይመልሳት ጀመር። ድንገት ቀና ስል ዘበርጋን አየሁት። በኋላ ጎማዋ ልክ ቦዩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጭቃ ይጠፈጥፋል።

«ቁም!» ብዬ ጮኽኩ። «አንተ ሰውዬ! ቁም!»

ታየ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አወዛወዘልኝ። ሣቀ። ጥሩምባውን ነፋልኝ። ካሚዮኗ ወደ ኋላ መሄዷን አላቆመችም። በየቀኑ የምጮኸውን ያንኑ ጩኸት ምን ብሎ ይለየው? ሮጥኩ፤ እንደማልደርስ ግን አውቄዋለሁ። ያኔ ከሆዴ ያ ስም ወጣ፦

«ዘበርጋ! ታየ፣ ዘበርጋ!»

ካሚዮኗ ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች። ሞተሩ ጠፋ። ታየ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ጭቃው ላይ በጉልበቱ ወደቀ፣ እንደዚያው በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ጎማው ሄደ። ዘበርጋ ከጎማው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጦ በጭቃ የተለወሰ እጁን ዘረጋለትና ካሚዮኗ ላይ ውሰደኝ አለው።

ከዚያ ወዲያ እኔን ማን ያቁመኝ! ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት የከረመውን ሁሉ ተናገርኩ። ይህ መንገድ እንዳልሆነ፣ አያቶቻችን ልጅ እንዲቦርቅበት የተዉት ቤታችን መሆኑን፣ ሣሩን እንዴት እንዳረሰው፣ እንግዶቻችን ሲመጡ ምን እንደምንል። እጄን ሳወናጭፍ ነጩ አፈር ፊቱ ላይ ይረጫል። ታየ ወንድሜን አቅፎ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስጨርስ ዞሮ ሽማግሌዎቹን አያቸው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ መሬት መሬት አየ፣ አንዱ ጢሙን አሻሸ።

«ልንነግርህ ነበር» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ግን ትበላ ነበር።»

መጀመሪያ የሣቀችው እናቴ ናት፤ እያለቀሰች ሣቀች። ከዚያ ሁሉም ተከተለ፤ ታየም ሣቀ፣ እኔም ሳልወድ ሣቅሁ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀምጠው ፈረዱ፦ ያበላሸውን ሣር ይመልስ። ታየ እሺ አለ። በዚያ ሳምንት ካሚዮኗን ዋናው መንገድ ዳር እያቆመ ይመጣና ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ከወንዙ ዳር ሣሩን ከነአፈሩ እየቆረጠ በቦዩ ላይ ይተክላል። ዘበርጋ ከጎኑ ቆሞ ያዘዋል። ለካቦው ደግሞ ታየ ራሱ ያ ሜዳ ከሥሩ ረግረግ ስለሆነ ካሚዮን ይውጣል ብሎ ነገረው፤ ከዚያ ወዲህ ጎማ የሚባል ነገር ጀፎረው ላይ አልወጣም። የመስቀል ዕለት ሣሩ ገና ወዝ አልያዘም፣ ቦታ ቦታው ላይ እንደ ተጣፈ ልብስ ነበር። ያም ሆኖ ተጨፈረበት፤ ታየም ክትፎውን በላ፣ መጨፈር ባይችልም ጨፈረ።

በዓሉ ሲያልፍ አባቴን እንሰቱ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ጉልበቱን ይዤ «ይቅር በለኝ» አልኩት። «ፈሪ ያልኩህ ሳላውቅ ነው። አንተ ብልሃት ነበር የሠራኸው። ስሙን እንዲያውቅ፣ ልጁን እንዲወደው ብለህ ነው ያበላኸው።»

አባቴ ማጭዱን አስቀመጠ። እስኪደክመው ሣቀ።

«ምን ብልሃት አለው! ፈርቼ ነው እንጂ» አለኝ። «የእኔ ጀርባ ኩርባጅ የሚችል ይመስልሻል? ልናገር አልደፈርኩም። ዝም ብዬ ልቀመጥም አልቻልኩም። ያለኝ ቆጮ ነበር፣ ቆጮ አቀረብኩ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስገሥጽ ኖሬአለሁ። በገበያ፣ በአውቶቡስ፣ በለቅሶ ቤት፣ በሐኪም ቤት ሰልፍ ላይ። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበርኩ። በዚያ ክረምትም በየቀኑ ትክክል ነበርኩ፤ ትክክል መሆኔ ግን ካሚዮኗን አንድ ክንድ እንኳ አላቆማትም። ያቆማት ታየ ማዕዳችን ላይ የለመደው ስም ነው። በእርግጥ አባቴ ባያበላው ኖሮ ዘበርጋ ካሚዮን አይወድም፣ ጎማ ሥርም አይቀመጥ ነበር ብዬ የምከራከርበት ቀን አለ። ግትር ነኝ፣ ምን ላድርግ። ያ ክርክር ግን ሌሎቹን ልጆች ይረሳል። የዚያ ሰፈር ልጆች በሙሉ በዚያ ሣር ላይ ነበር የሚውሉት፤ አንዱ ደግሞ አንድ ቀን ከካሚዮኗ ሮጦ ማምለጥ ያቅተው ነበር።

ዘበርጋ ዛሬ ቡታጅራ ነው የሚኖረው፤ የልጅ ልጆች ያየ ሽማግሌ ነው። በስልክ ሲያወራኝ በጩኸቷ ያዳነችኝ እኅቴ ይለኛል፤ ይህን ታሪክ ከእናቴ በሰማው መልኩ ነው የሚያውቀው። በዚህ ሳምንት ሲደውል እውነቱን ልንገረው አልኩና አባታችን እንሰት ውስጥ የነገረኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኩት።

«አባታችን ፈሪ ነበር እንዴ?» አለኝ።

«ነበር» አልኩት። «እንደ እሱ አድርጎ የሚፈራ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»